ከደጅ ለሚያድር እንጨት ስለሚሆን ሙጫ

ቤትን ቤት የሚያሰኘው ከጣራው በታች ያለው ብቻ አይደለም። ሰው ከሥራ ሲመለስ ነፋስ የሚቀበልበት፥ ሽማግሌዎች የጧት ፀሐይ የሚሞቁበት፥ እንግዳም ከመግባቱ በፊት ዐረፍ የሚልበት የደጅ መቀመጫ የቤቱ ክፍል ነው። ነገር ግን የእልፍኝ ዕቃ ስንገዛ እንጨቱንና ቀለሙን አገላብጠን የምናይ ሰዎች፥ የደጁን አግዳሚ «ለደጅ ምን ይላል» እያልን በርካሽ እናሠራዋለን። ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቁበት ዕቃ ከእልፍኙ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ሲሆን፥ ነገሩን ገልብጠን ይዘነዋል። በዚህ ጽሑፍ የምናገረው እንጨትን ከእንጨት ጋራ ስለሚያያይዘው ሙጫ ነው፤ አናጢዎቻችን ኮላ ይሉታል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የሰው አጥንት የሚጠበቅበት ወይም የሚሰበርበት ነው።

በሠፈራችን የሚኖሩ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ፥ ካሠሩት ሦስት ዓመት ባልሞላው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሳሉ በነሐሴ ወር የአግዳሚው እግር ከመጋጠሚያው ወልቆ ወደቁ። የዳሌያቸው አጥንት ተሰብሮ ብዙ ወራት ባልጋ ላይ ቆዩ፤ ከዚያም ወዲህ ያለ ምርኩዝ መሄድ አልቻሉም። እኔም ሊጠይቋቸው ከሄዱት ሰዎች ጋራ ሄጄ አግዳሚውን አየሁት። እንጨቱ ደኅና ነበረ፤ ስንጥቅ የሌለበት፥ ምስጥ ያልነካው ዋንዛ ነው። የከዳው ሙጫው ነበር። በመጋጠሚያው ውስጥ የቀረው እንደ ረጠበ ሳሙና በጥፍር የሚፋቅ ነጭ ነገር ነው።

እናቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ በየጧቱም ከደጅ ወጥተው ፀሐይ ሳይሞቁ ቁርስ አይቀምሱም። በዚያው ወራት እኔና ወንድሞቼ አዲስ አግዳሚ ልናሠራላቸው አስበን እንጨት ገዝተን ነበርና፥ የጎረቤታችን መውደቅ ከመሠራቱ በፊት ነገሩን እንድመረምር አስገደደኝ። ሥራዬ የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነው፤ የሰውን ቃል መዝግቤ ከቀድሞ ቃሉ ጋራ ማመሳከር ልማዴ ስለ ሆነ፥ ስለ ሙጫም የተባለውን ሁሉ እንዲሁ አደረግሁ።

በመጀመሪያ ከደጅ በሚያድር እንጨት ላይ ምን እንደሚደርስበት ማወቅ ይገባል። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ቢሆን አንድ ስፍራ ረግቶ አይቀመጥም። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህም መንቀሳቀስ በቁመቱ በኩል እጅግ ጥቂት ሲሆን በወርዱ በኩል ግን ብዙ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሳያቋርጥ ይመታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ብርቱ ፀሐይ ቀን ይፈጀዋል፥ ሌሊቱም ይበርዳል። ስለዚህ የደጅ አግዳሚ በክረምት ያበጠውን ያህል በበጋ ይሸሻል። አንዱ እንጨት ወዲህ፥ ሁለተኛው ወዲያ ሲጎትት፥ ሙጫው በሁለት ተጣዮች መካከል እንደ ቆመ ገላጋይ ሁለቱንም ይችላል። ውኃ የሚያለሰልሰው ከሆነ በክረምት ይለቃል፤ ደርቆ የሚሰነጠቅ ከሆነ በበጋ ይለቃል።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበርና ሙጫን ለደጅ አላመኑትም። የጅማ በርጩማ እግሩና መቀመጫው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ የሚፈታ መጋጠሚያ የለውም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ደግሞ ያየሁት አለ። የብራና መጽሐፍ የእንጨት ሽፋን በተሰነጠቀ ጊዜ ጠጋኙ በስንጥቁ ግራና ቀኝ በስቶ በክር ወይም በሽቦ ይሰፋዋል እንጂ በሙጫ ብቻ አጣብቆ አይተወውም። በልጅነቴ ይህ የሙጫ ማጣት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን እንጨት መንቀሳቀሱን የሚያውቅ ሰው ሥራ እንደ ሆነ አያለሁ።

ከዚያ በኋላ በገባሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህራችን ሌላ ነገር አሳዩን። ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣውን ሙጫ በትንሽ ድስት አድርገው፥ ትንሹን ድስት ውኃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጠው ያሞቁት ነበር። ይህ ሙጫ እጅግ የቆየ ነው፤ በጥንት የግብፅ ነገሥታት መቃብር በተገኙት የእንጨት ዕቃዎች ላይ ተገኝቷል። ለእልፍኝ ወንበርና ለዜማ ዕቃ እስከ ዛሬ የሚመርጡት አሉ፤ ምክንያቱም ዕቃው በተሰበረ ጊዜ በሙቀትና በእርጥበት ፈትቶ እንደ ገና ለመጠገን ይመቻል። ነገር ግን ያው በሙቀትና በእርጥበት የመፈታት ጠባዩ ለደጅ እንዳይሆን ከለከለው። ከአይብ በሚወጣው ንጥረ ነገርና በኖራ የሚሠራው ሙጫም ከቆዳው ይልቅ እርጥበትን የሚችል ቢሆን፥ እርጥበቱ ሲቆይ ሻጋታ ያነሣበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ከእንጨት የሠሩት ሞስኪቶ የተባለው አውሮፕላን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በኅዳር 1940 መጀመሪያ ሲበር፥ የሚጣበቀው በዚሁ ዓይነት ሙጫ ነበረ። በኋላ ግን እርጥበትን በተሻለ በሚችል፥ በኬሚስትሪ ጥበብ በተገኘ ሙጫ ተለወጠ።

ዛሬ በየአናጢው ቤት ያለው ነጩ ኮላ ነው። መሠረቱ የሆነውን ንጥረ ነገር ፍሪትስ ክላተ የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1912 አገኘው። ውኃ ውስጥ እንደ ተበተነ ወተት መስሎ ይመጣል፤ ውኃው ወደ እንጨቱና ወደ አየሩ ሲሄድ የቀረው ይያያዛል። ርካሽ ነው፥ አይሸትም፥ ከእጅም በውኃ ይታጠባል። እውነትም ብርቱ ነው። በሚገባ የተላገ መጋጠሚያ በዚህ ኮላ ከተያያዘ በኋላ በመዶሻ ቢመታ፥ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው መጋጠሚያው ሳይሆን አጠገቡ ያለው እንጨት ነው።

ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። አግዳሚውን እንዲሠሩልን የጠራናቸው አናጢ በዕድሜ የሚበልጡኝ፥ በሙያቸውም የተመሰገኑ ናቸው። ስለ ሙጫው በጠየቅኋቸው ጊዜ ሁለት ቁራጭ እንጨት ያጣበቁትን አምጥተው ከፊቴ በመዶሻ መቱት፤ እንጨቱ ተሰነጠቀ፥ መጋጠሚያው ግን ጸና። «አዩ ጌታዬ፤ እኔ በዚህ ኮላ አርባ ዓመት ሠርቼበታለሁ። እንጨቱ ይሰበራል እንጂ እርሱ አይለቅም» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፥ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ደረቅ ነው። ውኃ ከጠገበ በኋላስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ይህን አልሞከርሁትም» አሉ።

በፍርድ ቤት እንደማየው፥ ምስክር በመጀመሪያ ቃሉን ሲሰጥ ሁሉም ጽኑ ይመስላል። እውነተኛው የሚለየው መስቀለኛ ጥያቄ በተነሣበት ጊዜ ነው። ዋስም እንዲሁ ነው፤ ባለዕዳው በከተማ ሳለ ሁሉም ዋስ ይሆናል፥ ባለዕዳው በጠፋ ቀን ግን እውነተኛው ዋስ ይታወቃል። የሙጫም ነገር ከዚህ አይለይም። በደረቅ ጊዜ ሁሉም ብርቱ ስለ ሆነ፥ በደረቅ ጊዜ ያለውን ብርታት ማነጻጸር ለደጅ ዕቃ ምንም አያስተምርም። ሊጠየቅ የሚገባው ከውኃ በኋላ ምን ያህል እንደሚቀረው ነው።

አውሮፓውያን ይህንኑ ጥያቄ በሥርዓት አድርገውታል። ኢ.ኤን. 204 በሚባለው መለኪያቸው እንደነዚህ ያሉትን የእንጨት ሙጫዎች ዲ1፥ ዲ2፥ ዲ3፥ ዲ4 ብለው በአራት ደረጃ ይከፍሏቸዋል፤ ምልክቱም በላቲን ፊደል በጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። የተጣበቀው እንጨት ሰባት ቀን ከቈየ በኋላ በደረቁ ሲጎተት አራቱም ደረጃዎች በአንድ ሚሊሜትር ካሬ ቢያንስ 10 ኒውተን፥ ማለት አንድ ኪሎ ያህል ክብደት መቻል አለባቸው። እንግዲህ በዚህ ፈተና አራቱ እኩል ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው በውኃው ነው። ዲ1 በውኃ አይፈተንም፤ እርሱ ለደረቅ እልፍኝ ነው። ዲ2 ለሦስት ሰዓት ውኃ ውስጥ ከቈየ በኋላ እንደ ገና ደርቆ ይፈተናል። ዲ3 አራት ቀን በውኃ ተነክሮ ገና እርጥብ ሳለ ቢያንስ 2 ኒውተን እንዲችል ይጠየቃል። ዲ4 ግን በዚያው በአራቱ ቀን ፈተና 4 ኒውተን፥ ደግሞም በሌላ ፈተና ስድስት ሰዓት በፈላ ውኃ ተቀቅሎ፥ ሁለት ሰዓት በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ 4 ኒውተን መቻል አለበት። ዝናብ በቀጥታ ለሚመታው የደጅ ዕቃ የሚሆነው ይህ ዲ4 ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን እንጨቱ በላዩ ቀለም ወይም ሌላ መከላከያ ሲኖረው ነው። ዲ3 ከደጅ ቢሆን ዝናብ በማይደርስበት ስፍራ፥ እንደ በረንዳ ባለ ቦታ፥ ይሆናል።

አሜሪካኖችም ዓይነት አንድና ዓይነት ሁለት የሚሉት መለያ አላቸው። ዓይነት ሁለት ሦስት ጊዜ እየተነከረ እየደረቀ ይፈተናል፤ ዓይነት አንድ ግን አራት ሰዓት ተቀቅሎ፥ በምድጃ ደርቆ፥ እንደ ገና አራት ሰዓት ይቀቀላል። በጠርሙስ ላይ «ውኃን ይቋቋማል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ቢገኝ በቂ ምስክር አይደለም፤ ከነዚህ ደረጃዎች አንዱ አብሮ መጻፉን መመልከት ይገባል። በጣም ጽኑ የሆነውም ቢሆን ሁልጊዜ በውኃ ውስጥ ተዘፍቆ ለሚኖር ዕቃ የታሰበ አይደለም።

አናጢውና እኔም በቤታችን እንሞክረው ተባባልን። ከአንዱ እንጨት ተቆርጠው በአንድ ቀን የተላጉ ቁራጮች አዘጋጅተው፥ ግማሹን በተለመደው ነጭ ኮላ፥ ግማሹን ዲ4 የሚል ምልክት ባለው አጣበቁ፤ እኔም በየቁራጩ ላይ በእርሳስ ጻፍሁ። ሰባት ቀን ከቈየ በኋላ ከሁለቱም ወገን አራት ቀን በባልዲ ውኃ ነከርን። ባለቤቴ ደግሞ «ለኮላ ስድስት ሰዓት ከሰል!» ብላ ከተደነቀች በኋላ፥ ከወጥ ቤት የተሰናበተ አንድ አሮጌ ድስት ሰጠችን፤ «ይህም ድስት ከእንግዲህ ወደኔ አይመለስ» አለች። በአራተኛው ቀን ከባልዲው ስናወጣ በተለመደው ኮላ የተያያዘው በእጅ ሲጠመዘዝ ተላቀቀ፤ በጎረቤታችን አግዳሚ ያየሁት ያ ነጭ ልስልስ ነገር በላዩ ነበረበት። ሁለተኛው ግን በእጅ አልተላቀቀም፤ ከድስቱ የወጣውም በእጅ ጉልበት አልተለየም። አናጢው የተላቀቁትን ሁለት ቁራጮች ለረዥም ጊዜ ሲያገላብጡ ቈይተው፥ «ኮላው አልዋሸኝም፤ አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ከቤት ውስጥ ላለው ነበር የጠየቅሁት» አሉ። እኔም ከፍርድ ቤት ውጭ ከሰማሁት ሁሉ ይህን ቃል በመዝገቤ ብጽፈው ደስ ይለኛል።

ከነጩ ኮላ ወገን ያልሆኑ ሌሎች የደጅ ሙጫዎችም አሉ። ፖሊዩሪቴን የሚባለው፥ ጥበቡን ኦቶ ባየርና ጓደኞቹ በጀርመን በ1937 በአውሮፓ አቆጣጠር ያገኙት፥ እርጥበት ሲያገኝ የሚጠነክር ነው። ውኃን በሚገባ ይችላል። ነገር ግን ሲጠነክር አረፋ ያወጣል፤ አረፋውም የሚሞላው ክፍተት ለዓይን እንጂ ለብርታት አይጠቅምም። በእጅ ላይ ከደረቀ ብዙ ቀን አይለቅም፤ ያልደረቀውም አስም ላለበት ሰው ይጎዳልና በጓንትና ነፋስ ባለበት ስፍራ መሥራት ይገባል። ኢፖክሲ የሚባለው ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ነው። እንጨቱ በሚገባ ባልተጋጠመበት ስፍራ ክፍተቱን በብርታት የሚሞላው እርሱ ነው፤ ስለዚህ ለአሮጌ ዕቃ ጥገና ይመረጣል። ግን ዋጋው ይበዛል፥ ልኩ ተዛንፎ ከተቀላቀለ አይጠነክርም፥ ቆዳንም ይቈጣል፥ ፀሐይ በቀጥታ ሲያገኘው ይደክማልና በቀለም መሸፈን አለበት። ሬዞርሲኖል የተባለው ደግሞ ለጀልባ ሥራ ብዙ ዘመን የታመነ ነው፤ በመጋጠሚያው ላይ የጠቈረ ቀይ መስመር ይተዋል፥ መጋጠሚያውም እጅግ የተስተካከለ እንዲሆን ይፈልጋል።

እኛ ለእናቴ አግዳሚ የመረጥነው ዲ4 የሆነውን ኮላ ነው። አናጢያችን መጋጠሚያ አስተካክለው መላግ የሚያውቁ ስለ ሆኑ ክፍተት የሚሞላ ሙጫ አላስፈለገንም፤ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢም በውኃ የሚታጠበው ይሻላል። ከዲ4 ወገን አንዳንዱ ማጠንከሪያ የሚጨመርበት መሆኑን ግን ሸማች ይወቅ፤ ከተቀላቀለ በኋላ ብዙ ሳይቈይ መሠራት አለበት፥ ማጠንከሪያው ከተረሳም ደረጃው ይወርዳል።

ሙጫው ከተመረጠ በኋላ የአሠራሩ ነገር ይከተላል። እንጨቱ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ተጣብቆ በኋላ ቢኮማተር መጋጠሚያውን ራሱ ይገነጥለዋል። ፊቱ በዚያው ቀን በመላጊያ ይላግ፤ ይልቁንም እንደ ጽድ ያለ ዘይትና ሽታ ያለው እንጨት ከተላገ በኋላ ከቈየ ሙጫውን አይቀበልም። ሙጫው በሁለቱም ፊት በስሱ ይቀባ፤ በሞርሳ ሲጠበቅ በጠርዙ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ብቅ ካለ በቂ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ብርዱ ሲበረታ አይጣበቅ፤ ነጩ ኮላ ከብርድ የተነሣ እንደ ኖራ ዱቄት ሆኖ ከደረቀ አይያያዝም፥ ስለዚህ በጠርሙሱ የተጻፈውን ዝቅተኛ ሙቀት ማክበር ይገባል። በማግሥቱ ሞርሳው ቢፈታም ሰባት ቀን ሳይሞላ ዝናብ አይንካው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሙጫውን ብቻውን አለመተው ነው። የእንጨት ጫፍ ሙጫውን ስለሚጠጣ በጫፉ ብቻ የተያያዘ አይጸናም፤ ስለዚህ እግሩ ምላስ ወጥቶለት በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ ይግባ፥ በምላሱም ውስጥ የወይራ ችንካር ይለፍበት። ይህ ሲሆን ሙጫው ቢደክም እንኳ ችንካሩ ይይዘዋል፥ የተቀመጠውም ሰው ድንገት አይወድቅም። የመቀመጫው ሳንቃዎች እርስ በርሳቸው አይጣበቁ፤ በመካከላቸው ጣት የማያስገባ ክፍተት ተትቶ ውኃው ይውረድበት፥ እንጨቱም እንዳሻው ያብጥና ይሽሽ። እግሮቹ አፈር ላይ ሳይሆን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁሙ፤ ከሥር ያለው ጫፋቸውም ቀለም ይጥገብ፥ ውኃ ከሁሉ ፈጥኖ የሚገባው በዚያ ነውና።

ይህ ሁሉ ለአንድ አግዳሚ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥሩው ሙጫ በዋጋው ከተለመደው ይበልጣል፤ ለአንድ አግዳሚ የሚፈጀው ግን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ከእንጨቱና ከአናጢው ዋጋ ጋራ ሲተያይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከአንድ የተሰበረ ዳሌ ሕክምና ጋራ ሲተያይ ደግሞ ለመናገርም የሚያሳፍር ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ አግዳሚም ሆነ የደጅ ጠረጴዛ፥ የአትክልት በርም ሆነ የልጆች ዥዋዥዌ በምታሠራበት ጊዜ፥ አናጢውን «ሙጫው ብርቱ ነውን?» ብለህ አትጠይቀው፤ ሁሉም አዎን ይላልና። ጠርሙሱን አስመጣና ደረጃውን አንብብ፤ ደረጃ ካልተጻፈበት ሁለት ቁራጭ እንጨት አጣብቀህ፥ ሰባት ቀን ታግሠህ፥ አራት ቀን በባልዲ ንከረው። አሠርተህም ከሆነ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ መጋጠሚያውን ሁሉ በእጅህ ነቅንቀህ መርምር፥ ቀለሙንም አድስ። በዚያ ላይ የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ ሲወድቁ ራሳቸውን ሊይዙ የማይችሉት፥ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ናቸውና።